ኢንተርኔቱ ሲመጣ ፕሪንተሩ ለምን ይጠፋል? ሁለት ኔትወርክ የገባበትን ኮምፒውተር መፈተሻ መመሪያ

«ገመዱን ስሰካ ኢንተርኔቱ ይጠፋል፤ ስነቅለው ኢንተርኔቱ ይመጣና የወጥ ቤቱ ፕሪንተር ይጠፋል።» በባሕር ዳር ሆቴሎች፣ ክሊኒኮች፣ ማከፋፈያዎችና ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ይህን አቤቱታ ደጋግሞ ይሰማል። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ለራሷ መላ ዘይዳለች፤ ኢሜይል ማየት ስትፈልግ ገመዱን ትነቅላለች፣ ሒሳብ ስትዘጋ መልሳ ትሰካለች። የገመዱ ራስ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ተሰብራ ገመዱ በገዛ ራሱ መውለቅ ሲጀምር ነው ባለሙያ በባጃጅ የሚጠራው። ባለሙያውም ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ዊንዶውስን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው። ማሽኑ ከሥራ ውጭ ሆኖ ይሰነብታል፣ ፋይል ይጠፋል፣ ገመዱ ሲሰካ ግን ያው ችግር ይመለሳል።

የሚመለሰውም መጀመሪያውኑ የተበላሸ ነገር ስላልነበረ ነው። ሁለቱም ኔትወርኮች ለኮምፒውተሩ «ወደ ውጭ የማወጣህ እኔ ነኝ» ብለውታል፤ እርሱም አንዱን አምኗል፣ ያመነው ግን ኢንተርኔት የሌለውን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በአብዛኛው ይህንን ሐሰተኛ መውጫ መዝጋት ነው። ቀሪው ጥቃቅን ነገር ቢመስልም ሰው የሚያደክመው እርሱ ስለሆነ እርሱንም አልዘለልሁትም።

ነገሩ እንዲጨበጥ በጣና ዳር ያለ መካከለኛ ሆቴል እናስብ። የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር በገመድ ከውስጥ ኔትወርክ ጋር ተገናኝቷል፤ እዚያ ላይ የክፍል መመዝገቢያው ሰርቨር፣ የካሜራዎቹ መቅረጫና የወጥ ቤቱ ፕሪንተር አሉ። የውስጡ አድራሻ በ192.168.10 ይጀምራል፤ ኮምፒውተሩ 192.168.10.25 ነው። ከዚያው ግቢ በሐይቁ ዳርቻ ያለው ምግብ ቤት ደግሞ የራሱ 192.168.20 የሚል አድራሻ አለው፤ ወደ እርሱ የሚያደርሰው 192.168.10.1 የሆነው የውስጥ ራውተር ነው። ኢንተርኔቱ በዋይፋይ ይመጣል፤ ራውተሩ 192.168.1.1 ነው።

«ሁሉንም በአንድ ራውተር ላይ ጠቅልሎ መገላገል አይሻልም?» የሚል ይኖራል። እኔ አልመክርም። እንግዳው የሚጠቀምበት ዋይፋይና የገንዘብ ተቀባዩ ማሽን በአንድ ኔትወርክ ላይ መዋላቸው ከዚህ ሁሉ ድካም የባሰ ጣጣ ያመጣል። መለያየታቸው ትክክል ነው፤ በሁለቱም ላይ መቀመጥ ያለበት ኮምፒውተር ግን በወጉ መዘጋጀት አለበት። አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር፦ የውስጡ ኔትወርክ የባንክ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ ከሆነ የራስን ስልክ ወይም ዋይፋይ በዚያ ማሽን ላይ መጨመር ብዙ ጊዜ የተከለከለ ነው። መጀመሪያ የኔትወርኩን ኃላፊ ይጠይቁ።

ትዕዛዞቹን እዚህ በአማርኛ ፊደል እጽፋቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚተየቡት ግን በላቲን ፊደል ነው።

ሁለቱን በየተራ

ሁለት መስመር በአንድ ጊዜ አይፈተሽም። ኪቦርዱን ከመንካትዎ በፊት አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉና በአንዱ ወገን «ውስጥ»፣ በሌላው «ውጭ» ብለው ይጻፉ። በየወገኑ መስመሩ በምን እንደሚመጣ (በገመድ ወይስ በዋይፋይ) እና በእርሱ በኩል የሚፈለገው ምን እንደሆነ ይሙሉ። ሠራተኛው «ኔትወርክ የለም» ሲልዎት የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ከዚህ ወረቀት ጋር ያስተያዩ፤ ለብዙ ሰው ኢሜይሉም፣ ፕሪንተሩም፣ የስልኩ ሲግናልም አንድ ናቸው።

ከዚያ ዋይፋዩን ያጥፉና በገመዱ ብቻ ይሞክሩ። በኮማንድ ፕሮምፕት (ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ላይ «ፒንግ» ብለው የሰርቨሩን አድራሻ በቁጥር ይጻፉ፤ ትዕዛዙ ያ አድራሻ ይመልስ እንደሆነ ይፈትሻል። ቀጥሎ ገመዱን ነቅለው ዋይፋዩን ይክፈቱና «ፒንግ 8.8.8.8» ይበሉ፤ ይህ በኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል ሰርቨር አድራሻ ነው። ሁለቱም ለየብቻ ሲሆኑ የሚሠሩ ከሆነ ደስ ይበልዎት፤ ችግሩ የአብሮ መኖር ችግር ነው፣ «ሁለት መውጫ» ወደሚለው ክፍል መሄድ ይችላሉ። አንዱ ብቻውን ሆኖም የማይሠራ ከሆነ ግን መጀመሪያ እርሱን ያድኑ።

ገመዱና መብራቱ

የገመዱ መሰኪያ ላይ ያሉትን ትናንሽ መብራቶች ይመልከቱ። ምንም የማይበራ ከሆነ የቅንብር ጉዳይ ስላልሆነ ሶፍትዌር ውስጥ አይግቡ። ገመዱን ነቅለው በራሱ ላይ ያሉትን ስምንት ጥርሶች በስልክ መብራት ይዩአቸው። ለሐይቁ ቅርብ በሆነና በር ሁልጊዜ ክፍት በሚውልበት ቤት እርጥበቱ ጥርሶቹን አረንጓዴ ሊያደርጋቸው ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ መጥረግ ጊዜያዊ ነው፣ ራሱን ቆርጦ አዲስ መግጠም ይሻላል። የመዳብ የኔትወርክ ገመድ ከ100 ሜትር በላይ እንዲሠራ አልተሠራም። ከእንግዳ መቀበያው እስከ ሐይቁ ዳርቻ ግቢውን ሁሉ ዞሮ የሚሄድ ገመድ ካለ ርዝመቱን ይገምቱት።

በክረምት ሌላም ጣጣ አለ። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በአየር ላይ የተወጠረ የመዳብ ገመድ መብረቅ በቀጥታ ባያገኘውም እንኳ በአቅራቢያው ሲወርድ በሚፈጠርበት የኤሌክትሪክ ግፊት የስዊቹን (ገመዶቹ የሚገናኙበትን ሣጥን) ወይም የኮምፒውተሩን መሰኪያ ሊያቃጥል ይችላል። ማሽኑ ይነሣል፣ ዋይፋዩ ይሠራል፣ የገመዱ መሰኪያ ግን ሞቷል። ለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ ካርድ ገዝቶ መቀጠል ይቻላል፤ በሕንፃዎቹ መካከል ያለውን ግን በፋይበር ወይም በገመድ አልባ ማገናኛ ካልቀየሩት በሚቀጥለው ሐምሌም ካርድ መግዛትዎ አይቀርም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረው ደግሞ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ቀድሞ ከተነሣ አድራሻ የሚሰጠው ያጣና ለራሱ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ያወጣል። ይህን ቁጥር ባዩ ጊዜ ትርጉሙ አንድ ነው፦ አድራሻ ጠይቆ የመለሰለት የለም። ገመዱን ነቅሎ መሰካት ወይም «አይፒኮንፊግ /ሪኒው» ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። በየመብራቱ የሚመላለስ ከሆነ ግን ራውተሩንና ስዊቹን ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ያድርጓቸው፤ ከኮምፒውተሩ ይልቅ የሚወስዱት ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነ ረጅም ሰዓት ያቆያቸዋል።

አድራሻዎቹን ማንበብ

ሁለቱንም መስመሮች አብረው ያገናኙና «አይፒኮንፊግ /ኦል» ብለው ይተይቡ። የሚመጣው ጽሑፍ ረጅም ነው፤ አብዛኛው አያስፈልግዎትም። ከገመዱ ካርድና ከዋይፋዩ ካርድ ሥር አይፒ አድራሻውን፣ ሰብኔት ማስኩን (ከአድራሻው የትኛው ክፍል የኔትወርኩ እንደሆነ የሚለየውን ቁጥር)፣ ዲፎልት ጌትዌዩን (መውጫውን) እና የዲኤንኤስ ሰርቨሩን (ስምን ወደ አድራሻ የሚፈታውን) ብቻ ወረቀትዎ ላይ ይገልብጡ።

አሁን የሁለቱን አድራሻ መጀመሪያ ያስተያዩ። ሁለቱም 192.168.1 ብለው የሚጀምሩና ማስካቸው 255.255.255.0 ከሆነ ሌላ ምንም ቢያደርጉ አይሆንልዎትም። ኮምፒውተሩ 192.168.1.50 የሆነውን ፕሪንተር ሲፈልግ በየትኛው በኩል እንዳለ የሚለይበት ምልክት የለውም፤ አንዴ ያገኘዋል፣ አንዴ ያጣዋል፣ ሰውም «ፕሪንተሩ ጠባይ አለው» ይላል። ይህ የሚያጋጥመው ሰው በጣም ብዙ ነው፤ ከፋብሪካ የሚወጡ ራውተሮች አብዛኞቹ በ192.168.0 ወይም በ192.168.1 ላይ ተዘጋጅተው ስለሚመጡ ሁለት ራውተር የገዛ ሰው ሁለት አንድ ዓይነት አድራሻ ገዝቷል ማለት ይቻላል።

መፍትሔው አንዱን መቀየር ነው፤ የቱን? የኢንተርኔቱን። በውስጡ ኔትወርክ ላይ ያሉት ፕሪንተሮች፣ ካሜራዎችና ሰርቨሩ አድራሻቸው በእጅ የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል እርሱን ከነኩ እያንዳንዱን ዕቃ እየዞሩ ማስተካከል ይመጣል። በዋይፋዩ ላይ ያሉት ስልኮችና ላፕቶፖች ግን አድራሻቸውን ከራውተሩ ስለሚቀበሉ ለውጡ አይታወቃቸውም። ወደ ኢንተርኔቱ ራውተር ገጽ ይግቡና የውስጥ አድራሻውን ከ192.168.1.1 ወደ ሌላ፣ ለምሳሌ ወደ 192.168.50.1 ይለውጡ። የአድራሻ ማደያው ክልል አብሮ መቀየሩን አይተው ያስቀምጡ። ከ1996 ጀምሮ ለግል ኔትወርክ የተለዩት ክልሎች ሦስት ናቸው፦ በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ በ192.168 የሚጀምሩት። ከእነዚህ ውጭ ከራስዎ ቁጥር ፈጥረው አይጻፉ፤ በኢንተርኔት ላይ የሌላ ሰው ንብረት ነው።

ሁለት መውጫ

ዋናው ቦታ ላይ ደርሰናል።

ባሕር ዳር ላይ በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው ወደ ሐይቁ ወደብ ይሄዳል፤ ከከተማ ወጥቶ ወደ የትም ለሚሄድ ሌላ መንገደኛ ግን «መናኸሪያ ሂድ» ይባላል። ኮምፒውተርም እንዲህ ነው። ጎረቤቱ ያሉትን አድራሻዎች በስማቸው ያውቃቸዋል፤ የማያውቀውን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይልካል፤ ያ ቦታ ዲፎልት ጌትዌይ ይባላል። ወደቡም መናኸሪያውም «ወደ ሁሉም አገር እናደርሳለን» ካሉት አዲስ አበባ የሚሄደውን ሰው ጀልባ ላይ ያሳፍረዋል።

የትኛውን እንደመረጠ ለማየት «ራውት ፕሪንት» ብለው ይተይቡ። ከሚመጣው ሠንጠረዥ ላይ በ0.0.0.0 የሚጀምሩትን መስመሮች ብቻ ይፈልጉ። በእኛ ሆቴል ይህን ይመስላሉ፦

0.0.0.0   0.0.0.0   192.168.10.1   192.168.10.25   25
0.0.0.0   0.0.0.0   192.168.1.1   192.168.1.37   45

የመጀመሪያዎቹ ሁለት 0.0.0.0 «የማላውቀው ሁሉ» ማለት ናቸው። ሦስተኛው ጌትዌዩ፣ አራተኛው የራሱ የኮምፒውተሩ አድራሻ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ሜትሪክ የሚባለው ቁጥር ነው፤ ያነሰው ያሸንፋል። ዊንዶውስ ይህን ቁጥር የሚሰጠው የመስመሩን ፍጥነት አይቶ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ የጊጋቢት ገመድ 25 ያገኛል፣ ዋይፋይ እንደ ፍጥነቱ ከዚያ ከፍ ያለ። ፍጥነቱ እስከ ስዊቹ ድረስ ያለው ነው እንጂ ከስዊቹ ወዲያ ኢንተርኔት ይኑር አይኑር የሜትሪኩ ስሌት አይጠይቅም። እንግዲህ ገመዱ ሲሰካ ኢንተርኔት የሚጠፋው ለዚህ ነው፦ ገመዱ ፈጣን ነው፣ ስለዚህ ታማኝ መስሏል።

በሠንጠረዡ ላይ ከ25 ይልቅ 281 ቢያዩ አይደንግጡ። ጌትዌዩ በእጅ የተጻፈ ሲሆን 256 ይደመርበታል። እንዲያ በሆነ ጊዜ ዋይፋዩ ያሸንፍና ነገሩ ይገለበጣል፤ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ሰርቨሩም ይገኛል፣ በሐይቁ ዳር ያለው ምግብ ቤት ግን ይሰወራል። መፍትሔው ያው አንድ ነው፤ የውስጡ ካርድ ላይ ጌትዌይ አይኑር።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. የዊንዶውስን ቁልፍና አር የሚለውን ፊደል በአንድ ላይ ተጭነው «ኤንሲፒኤ.ሲፒኤል» ብለው ይተይቡ። የኔትወርክ ካርዶቹ ዝርዝር ይከፈታል።
2. ኢተርኔት በሚለው (የገመዱ ካርድ ነው) በቀኝ ጠቅ አድርገው ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ አይፒ ቨርዥን 4 የሚለውን፣ ከዚያ እንደገና ፕሮፐርቲስ ይክፈቱ።
3. አድራሻውን በእጅ ይጻፉ፤ በእኛ ምሳሌ 192.168.10.25፣ ማስኩ 255.255.255.0። ይህ ቁጥር የውስጡ ራውተር ለሌሎች ከሚያድለው ክልል ውጭ መሆን አለበት፤ ካልሆነ አንድ ቀን ለሌላ ማሽን ይሰጠዋል።
4. የዲፎልት ጌትዌዩን ቦታ ባዶ ይተዉት። ዊንዶውስ አይከለክልዎትም።
5. እሺ ብለው ይዝጉና «ራውት ፕሪንት»ን ይድገሙ። በ0.0.0.0 የሚጀምር መስመር አንድ ብቻ፣ እርሱም የዋይፋዩ መሆን አለበት።

አድራሻውን በእጅ መጻፍ የማይፈቀድበት፣ የግድ ከውስጡ ሰርቨር መቀበል ያለበት ቦታ አለ። ሰርቨሩ አድራሻውን ሲሰጥ ጌትዌዩንም አብሮ ይሰጣል። ለዚህ ብዙ ባለሙያ የማይጠቀምባት አንዲት ትዕዛዝ አለች፤ ኮማንድ ፕሮምፕቱን በአስተዳዳሪ መብት ከፍተው ይህን ይተይቡ፦

ኔትኤስኤች ኢንተርፌስ አይፒቪ4 ሴት ኢንተርፌስ "ኢተርኔት" ኢግኖርዲፎልትራውትስ=ኤኔብልድ

አድራሻውን ይቀበላል፣ ጌትዌዩን ግን ይተወዋል። በጥቅሱ ውስጥ ያለው ስም በካርዶቹ ዝርዝር ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት።

በተለምዶ የሚመከረው ሌላው መንገድ ሜትሪኩን በእጅ መለወጥ ነው፤ አድቫንስድ በሚለው ውስጥ አውቶማቲክ ሜትሪክን አንሥቶ ለዋይፋዩ 10፣ ለገመዱ 100 መስጠት። ይሠራል፤ ነገር ግን ዋይፋዩ በተቋረጠ ጊዜ የኢንተርኔት ጥያቄው ሁሉ ወደ ውስጡ ራውተር ይጎርፋል፣ ወዲያው «መስመር የለም» በማለት ፋንታም ገጹ እየዞረ ይቆያል። ሐሰተኛውን በር ገርበብ አድርጎ ከመተው መዝጋቱን እመርጣለሁ። የሁለቱም መስመሮች ጫፍ ኢንተርኔት ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ አንዱ የብሮድባንድ አንዱ የሞባይል መስመር ሆኖ ሁለተኛው ለመጠባበቂያ ከተያዘ፣ ሁለቱም ጌትዌይ ይኑራቸው፤ እዚያ ላይ ሜትሪክ ትክክለኛው መሣሪያ ነው።

ሌላኛው ሕንፃ

ጌትዌዩን ካነሣን በኋላ 192.168.10 ላይ ያለው ሁሉ በቀጥታ ይገኛል። በሐይቁ ዳር ያለው 192.168.20 ግን ጎረቤት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ አያውቀውምና ወደ ዋይፋዩ ይልከዋል፣ እዚያም ይጠፋል። ስለዚህ መንገዱን በስም እንነግረዋለን፤ በአስተዳዳሪ መብት፦

ራውት -ፒ አድ 192.168.20.0 ማስክ 255.255.255.0 192.168.10.1

«-ፒ» የምትለዋን ምልክት አይርሱ። ያለ እርሷ መንገዱ ማሽኑ እስኪጠፋ ብቻ ይኖራል፤ ማታ የሠራው ጠዋት የሚጠፋበት ምክንያትም ብዙ ጊዜ እርሷ ናት። ተሳስተው ከጻፉ «ራውት ዲሊት 192.168.20.0» ይሰርዘዋል።

መንገዱ ተጽፎም ምግብ ቤቱ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች አንዱ ብቻ የማይመልስ ከሆነ ወደዚያ ዕቃ ይሂዱ። መልእክቱ ደርሶት መመለሻውን ሊያጣ ይችላል። በእጅ አድራሻ የተጻፈለት ካሜራ ወይም ፕሪንተር የራሱ ጌትዌይ ካልተሞላለት ከጎረቤቶቹ በቀር ለማንም መመለስ አይችልም። በእርሱ ላይ የምግብ ቤቱን ወገን ራውተር አድራሻ ይሙሉ።

በቁጥር ይገኛል፣ በስም አይገኝም

ፒንግ በአድራሻው ይመልሳል፤ በስም ሲጠራ ግን የለም ይላል። ይህ የዲኤንኤስ ጉዳይ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ኮምፒውተሩ ስም ሲጠየቅ በሁሉም ካርዶች በኩል በአንድ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል፤ የውጭው ዲኤንኤስ ደግሞ የሆቴሉን ሰርቨር ስም በምን ያውቀዋል? በትንሽ ኔትወርክ ላይ ከዚህ ጋር አይታገሉ። ሁለት ሦስት ስም ብቻ ከሆነ ሆስትስ በሚባለው ፋይል ላይ አድራሻውንና ስሙን ጎን ለጎን ጽፎ መገላገል ይሻላል። ፋይሉ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ ሲስተም32፣ ድራይቨርስ፣ ኢቲሲ በሚሉት ሥር ይገኛል። ኖትፓድን በአስተዳዳሪ መብት ካልከፈቱት አያስቀምጥልዎትም፤ ሲያስቀምጡም ከስሙ በኋላ ሌላ ቅጥያ እንዳይጨምርበት ይጠንቀቁ።

በውስጡ ኔትወርክ ላይ የዲኤንኤስ ሰርቨር ከሌለ የገመዱን ካርድ የዲኤንኤስ ቦታ ባዶ ይተዉ። የማይመልስ ዲኤንኤስ የተጻፈበት ካርድ ገጾችን ሁሉ ያዘገያል፤ ሰውም ኢንተርኔቱን ይረግማል። ለውጥ ካደረጉ በኋላ «አይፒኮንፊግ /ፍላሽዲኤንኤስ» ይበሉ።

ዊንዶውስ የሚያሳየው ማስጠንቀቂያ

ጌትዌይ የሌለውን ካርድ ዊንዶውስ «ያልታወቀ ኔትወርክ» ብሎ ይሰይመዋል፣ «ኢንተርኔት የለም» የሚልም ይጨምርበታል። እውነቱን ነው፤ የለም፣ እንዲኖርም አንፈልግም። ሠራተኞቹን አስቀድመው ካልነገሯቸው ግን ይህን ጽሑፍ አይተው የሠሩትን ሁሉ ሊያፈርሱት ይችላሉ።

አሳሳቢው ሌላው ነው። ያልታወቀ ኔትወርክ እንደ አደባባይ ይቆጠራል፤ ፋየርዎሉም (ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚያጣራው ዘብ) ቁጥጥሩን ያጠብቃል። ኮምፒውተሩ ወደ ሌሎች መሄድ ይችላል፣ ሌሎች ግን ወደ እርሱ መግባት አይችሉም። በዚህ ማሽን ላይ የሚጋራ ፕሪንተር ወይም ፎልደር ካለ ከወጥ ቤቱ በኩል የማይገኘው ለዚህ ነው። «ሴክፖል.ኤምኤስሲ» ብለው ሎካል ሴኩሪቲ ፖሊሲን ይክፈቱ፤ ኔትወርክ ሊስት ማኔጀር ፖሊሲስ ውስጥ ያልታወቁ ኔትወርኮች የሚለውን ወደ ፕራይቬት ይለውጡ። ማሽኑ ወደ ሌላ ቦታ የሚዞር ላፕቶፕ ከሆነ ይህን አያድርጉ፤ በየካፌው ያለውንም ያልታወቀ ኔትወርክ ያምናል። የሆም ዓይነት ዊንዶውስ ይህ መስኮት የለውም፤ በእርሱ ላይ በፋየርዎሉ ውስጥ ከ192.168.10 ለሚመጣው ብቻ የፋይልና የፕሪንተር ማጋሪያን መፍቀድ ይቻላል። ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ግን ከሁሉ የቀለለው፣ ከሁሉም የከፋው መፍትሔ ነው።

ገመዱ ሲሰካ ዋይፋዩ ራሱ የሚጠፋ ከሆነ

ይህ ከጌትዌይ ጋር አይገናኝም። ዊንዶውስ አንድ መስመር ካገኘ ሁለተኛውን በራሱ ላለማገናኘት የሚመርጥበት ደንብ አለው። ዋይፋዩን በእጅዎ ሲያገናኙት እሺ የሚልና ከተነሣ በኋላ በራሱ የማይመጣ ከሆነ ይህንኑ ይጠርጥሩ። «ጂፒኢዲት.ኤምኤስሲ» ላይ በኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን፣ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ኔትወርክ፣ ዊንዶውስ ኮኔክሽን ማኔጀር ሥር በአንድ ጊዜ የሚኖሩ ግንኙነቶችን ቁጥር ስለ መቀነስ የሚናገረውን ፖሊሲ ይፈልጉና ዲሰብልድ ያድርጉት።

ለቢሮ ሥራ በተሠሩ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ደንቡ ከዊንዶውስ በታች፣ በባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ ከዊንዶውስ ቀድሞ በሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ሊሆን ይችላል። በኤችፒ ማሽኖች ላን/ዋይላን ስዊቺንግ፣ በዴል ደግሞ ዋየርለስ ሬዲዮ ኮንትሮል በሚል ስም ይገኛል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ገመዱ በተሰካ ቅጽበት ዋይፋዩ ጭራሽ ይጠፋል፣ ሲነቀል ይመለሳል፣ በዊንዶውስ ውስጥ የሚነካ ምንም ቅንብር አይለውጠውም።

በካርዶቹ ዝርዝር ላይ ሁለቱን አንድ ላይ መርጠው በቀኝ ጠቅ ሲያደርጉ «ብሪጅ» የሚል ይመጣል። አይንኩት። ሁለቱን ኔትወርኮች በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ አንድ ያደርጋቸዋል፤ የእንግዳው ስልክና የካሜራው መቅረጫ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፣ ሁለቱም ራውተሮች ለሁሉም አድራሻ ማደል ይጀምራሉ። ኢንተርኔትን ማጋራት የሚለውንም ያለ ዕውቀት አይክፈቱ፤ የተጋራበትን ካርድ አድራሻ ወደ 192.168.137.1 ይቀይረዋል፣ ቀድሞ የጻፉት ይጠፋል።

ሊኑክስ የሚጠቀሙ ሰዎች ሥራቸው አጭር ነው። «አይፒ ራውት» ሲሉ ዲፎልት የሚለው መስመር ሁለት ጊዜ ከታየ በኔትወርክ ማኔጀሩ የገመዱን ግንኙነት ከፍተው በአይፒቪ4 ገጽ ላይ ይህን ግንኙነት በራሱ ኔትወርክ ላሉት ብቻ ተጠቀም የሚለውን ምልክት ማድረግ ነው። ለሌላኛው ሕንፃ የሚሆነው መንገድም እዚያው ገጽ ላይ ይጻፋል።

ማረጋገጫው

ማሽኑን አጥፍተው ያስነሡ፤ ሳይጠፋ የተፈተነ ሥራ አልተፈተነም። ከዚያ «ትሬስርት -ዲ 8.8.8.8» ይበሉ፤ መልእክቱ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በተራ ያሳያል፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ 192.168.1.1 መታየት አለበት። «ትሬስርት -ዲ» ብለው የምግብ ቤቱን ፕሪንተር አድራሻ ሲሰጡት ደግሞ የመጀመሪያው 192.168.10.1 ይሁን። በመጨረሻም ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ይዩ፦ ኢሜይሉ ክፍት እያለ የትዕዛዝ ወረቀት ወደ ወጥ ቤቱ ይላኩ።

እስከዚህ ደርሶ አሁንም የሚያስቸግር ከሆነ ሦስተኛ መስመር ሳይታወቅ ገብቶ እንደሆነ ይፈልጉ። ቻርጅ ለማድረግ በዩኤስቢ የተሰካ ስልክ ዩኤስቢ ቴዘሪንጉ (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ማጋሪያው) ክፍት ከሆነ አንድ ኔትወርክ ይዞ ይመጣል፣ የራሱን ጌትዌይም ይጨምራል። ቪፒኤንም (በኢንተርኔት በኩል ከሌላ ኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) እንዲሁ ነው፤ ሲከፈት የመውጫውን በር ሁሉ ወደ ራሱ ሊወስድ ስለሚችል ሠራተኛው ቪፒኤን ይጠቀም እንደሆነ ይጠይቁ፣ ዘግተውም ይሞክሩ። የራሱ ፋየርዎል ያለው አንቲቫይረስ ደግሞ በዊንዶውስ ላይ የፈቀዱትን መልሶ ሊከለክል ይችላል፤ እርሱን ለጥቂት ደቂቃ አቁመው ፕሪንተሩ ከተገኘ የሚስተካከለው ደንብ ያለው በአንቲቫይረሱ ውስጥ ነው።